ለቅሶ የሌለበት ድንኳን

ወደ ቅርጫት ኳስ ያስገባኝ ቁመቴ ነው፤ ወደ መንግሥት ሥራ ያስገባኝም ያው ቁመቴ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን እንደ ጨረስሁ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለስፖርት ክለቡ ረጃጅም ወጣቶች ይፈልግ ስለ ነበር በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ቀጠረኝ። በዚያ ዘመን ተጫዋች ደመወዝ የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነበር። ጠዋት ፋይል አወጣለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ልምምድ እወርዳለሁ፤ ወር ሲያልቅ ከሌላው ሠራተኛ ጋር ተሰልፌ ደመወዜን እቀበላለሁ።

ጉልበቴ እስኪያስቸግረኝ ድረስ የቡድኑ ሴንተር ሆኜ ተጫወትሁ። ዝነኛ አልነበርሁም። ሥራዬ ከቅርጫቱ ሥር ቆሞ ነጥሮ የተመለሰውን ኳስ መያዝና ከእኔ ለፈጠነ ሰው ማቀበል ነበር፤ እርሱን ግን በሚገባ እሠራ ነበር። ክለቡ ሲፈርስ ጓደኞቼ ተበተኑ፤ እኔ በመሥሪያ ቤቱ ቀረሁ፣ ማታ ማታ ተማርሁ፣ በመምሪያ ኃላፊነትም ጡረታ ወጣሁ።

የምኖረው ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ጡረታ በወጣሁበት ክረምት ከብሎካችን ፊት ለፊት ባለው ባዶ ቦታ ላይ ሴቶች ልጆች ቅርጫት ኳስ ሲጫወቱ አየሁ። ቀለበቱን ከቁርጥራጭ ብረት አስበይደው እንጨት ላይ መትተውታል። መሬቱ ጭቃ በመሆኑ ኳሱ አይነጥርም፤ በወደቀበት ይቀራል። ቆሜ ሳያቸው አንዷ፣ በኋላ የቡድኑ አምበል የሆነችው፣ ቀና ብላ ለካችኝ።

«ጋሼ፣ ይህን ቁመት ዝም ብለው ነው የተሸከሙት ወይስ ይጫወታሉ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ አሠልጣኛቸው ሆንሁ። መጀመሪያ ያስተማርኋቸው ማግባትን ሳይሆን፣ በሁለት እግር ቆሞ ሲገፉ አለመናወጥን ነው። በበጋው ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎረቤት ሰፈር ከፉሪ ልጆች ጋር መጋጠም ጀመሩ። አብዛኛውን ጊዜ ይሸነፉ ነበር፤ አሸናፊዎቹ የሚለማመዱት ኳስ በሚነጥርበት የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ነውና። እኛም በየቀኑ እዚያ ሄደን እንለማመድ እንዳልል የአምበሏ እናት የሁሉንም ወላጆች ቃል በአንድ ዐረፍተ ነገር ነግረውኝ ነበር፦ «ከሰገነቴ ላይ ካየኋት ትጫወት፤ ካላየኋት ግን የለም።» ስለዚህ ሜዳው እዚሁ ካልተሠራ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ቡድኑ ይበተናል ማለት ነው። የራሴ ክለብ ሲፈርስ አይቻለሁ፤ የእነርሱንም ደግሜ ማየት አልፈለግሁም።

የወረዳው ጽሕፈት ቤት ነዋሪው ከተስማማ ቦታውን እንደሚፈቅድ ነገረኝ። ነዋሪው ደግሞ የሚሰማው የዕድራችንን ሰብሳቢ፣ የቀድሞ ወታደር የሆኑትን መቶ አለቃን ነው። አምበሏን አስከትዬ ቤታቸው ሄድሁ።

«ሜዳውን ሲሚንቶ ካለበሳችሁት የለቅሶ ድንኳን የምንተክለው የት ነው?» አሉኝ። «ሲሚንቶ ላይ ካስማ ይገባል?»

«በካስማዎቹ ቦታ የብረት ቱቦ እንቀብራለን፤ ካስማው እዚያ ውስጥ ይገባል። ክዳንም እናደርግለታለን።»

«ቦታውን በምን ታውቀዋለህ? ገመዱ ሳይወጠር የሚታወቅ ነገር አይደለም።»

«እንግዲያው አንድ ቀን ድንኳኑን ተክለን እንለካው።»

መቶ አለቃ አማተቡ። «ሰው ሳይሞት? በቁማችን ልታሟርትብን ነው?»

ልጅቱ ጣልቃ ገባች። «አባባ፣ ባለፈው ቅዳሜ ፉሪዎች ያደረጉን ነገር እኮ ከሞት አይተናነስም። ለእርሱ ይተከልልን።»

«ዝም በይ አንቺ!» አሉ፤ ጢማቸው ግን ሳቃቸውን አልደበቀላቸውም። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የዕድሩ ጠቅላላ ጉባኤ እየደረሰ ነበር፤ ጉባኤውን የምናደርገው ደግሞ ሁልጊዜ ደረጃ ሥር ተጨናንቀን ነው። ለምን ዘንድሮ በድንኳን አይሆንም? አልኋቸው። መቶ አለቃ «ጉባኤ መሆኑ ለሰው ሁሉ ይነገር» ብለው ፈቀዱ።

በጉባኤው ጠዋት ድንኳኑን የተከሉት ልጆቹ ናቸው። መቶ አለቃ እንደ ድሮ ምልምሎቻቸው ያዝዟቸው ነበር፦ «ሳቢ! አላላሽው! መዶሻውን እንደ ዘነዘና አትያዢው!» ወደ እኔም ዞረው፣ «ምሰሶ ከጎደለን አንተን እናቆማለን» አሉ። ልጆቹ ካስማ በገባበት ሁሉ ለምልክት ኖራ አደረጉ።

ጉባኤው ተጀምሮ ስለ ሜዳው ክርክሩ ተፋፋመ። አንዳንዱ ቦታው የመኪና ማቆሚያ ይሁን አለ፤ አንዳንዱ የድንኳን ቦታ መጫወቻ መሆኑ ነውር ነው አለ። ድምፅ ቢሰጥ እንደምንሸነፍ ከፊታቸው አነበብሁ። በዚህ መካከል ገጠር ሰንብተው የተመለሱ አንዲት እናት ድንኳኑን ከሩቅ አይተው ኖሮ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ገቡ። እኛም ከልማድ ብዛት ሁላችንም ብድግ አልን።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ! ወይኔ! ማነው የሄደብን?»

«ማንም አልሞተም፣ እማማ» አለች አምበሏ፤ እጃቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው። «ሜዳ ይሠራላቸው አይሠራላቸው ብለው ነው የሚከራከሩት።»

እማማ እንባቸውን ጠርገው ዙሪያውን አዩ። የሚስቅ አለ፤ የሚከራከር አለ፤ ደህና የሆነ ሰው ብቻ ነው ያለው። «ድንኳናችሁ አስደንግጦኛል» አሉ በመጨረሻ። «ግን ሰው ሳይሞትብኝ በዚህ ድንኳን ሥር ስቀመጥ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ ይላል። ለልጆቹ ሥሩላቸው፤ እኛም በደህና ቀን መሰብሰብን እንልመድበት።»

ከዚያ በኋላ ስለ ነውር የተናገረ ሰው አልነበረም። መቶ አለቃ ተነሡ። «ለቅሶ ሲኖር ልምምድ ይቆማል። ድንኳኑን የሚተክሉት ደግሞ እነዚህ ልጆች ናቸው፤ የእኛ ወገብ አልቋል።»

«እሺ፣ አባባ» አለች አምበሏ። «የምንነቅለውም እኛው ነን፤ ሠልስቱ ባለፈ በሰዓቱ።»

«ሰው ሳይሞት መንቀያውን ታስባለች!» አሉ መቶ አለቃ፤ ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ። ድምፅ ሲሰጥ እጃቸውን መጀመሪያ ያወጡት እርሳቸው ነበሩ። ጥቂቶች ተቃወሙ፤ ሐሳቡ ግን በአብላጫ ድምፅ አለፈ።

ቃለ ጉባኤውን በማግሥቱ ለወረዳው አስገባሁ። ባለሙያዎች መጥተው ቦታውን ለኩ፤ የቱቦዎቹንም አቀማመጥ አይተው ተቀበሉት። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ቦታው ለወጣቶች ስፖርት ማዘውተሪያና ለነዋሪው ማኅበራዊ አገልግሎት በጋራ እንዲውል በጽሑፍ ወሰነ። ውሳኔው የተሰጠው በመስቀል ማግሥት ነው።