ለአክስቴ ፊልም ስተረጉም የዋሸሁት ውሸት

ትናንት ከሰዓት በኋላ... ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ቤቴ ቁጭ ብዬ ለአክስቴ ፊልም እየተረጎምኩ ነበር።

አክስቴ እትዬ ሐዋ ከኩታበር የመጡት ለዐይን ሞራ ነው። አንዱ ዐይናቸው ተሠርቶ ታሽጓል፤ ሌላኛው ተራውን እየጠበቀ ስለሆነ ከጭጋግ በቀር የሚያየው ነገር የለም። ሐኪሙ «አይጎንበሱ፣ ዕቃ አያንሱ፣ አያልቅሱ» ብሏቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን ቁጭ ማለት የማያውቁ ሰው ሶፋ ላይ ተጎልተው ሲውሉ ሊያብዱ ደረሱ። እኔም ኮምቦልቻ ከምሠራበት ፋብሪካ የሁለት ቀን ፈቃድ ወስጄ አስታማሚ ሆኛለሁ። ታዲያ ምን ላድርግ? ቴሌቪዥን ከፈትኩ።

የተገኘው የውጭ አክሽን ፊልም ነው። መሪ ተዋናይዋ ቀጠን ያለች ሴት ናት፤ አምስት ግንድ የሚያካክሉ ጎረምሶችን አንድ በአንድ ታነጥፋቸዋለች። እኔ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ፊልም አይዋጥልኝም። ክብደቷ ግማሽ ኩንታል የማይሞላ ሴት... ኧረ ተዉኝ! እኔ ያላመንኩትን እትዬ ሐዋ ከየት አምጥተው ያምናሉ ብዬ፣ ስተረጉም ወንድ አደረግኋት።

«አሁን ምን ሆነ?» ይሉኛል።

«አንዱን በቡጢ ጣለው እትዬ።»

«ማሻአላህ! ወንድ ማለት እንዲህ ነው!»

ወዲያው ተዋናይዋ እየጮኸች ሁለተኛውን በእርግጫ አለችው።

«ይህቺ የምትጮኸው ሴት ማናት?»

«ሚስቱ ናት። ዳር ቆማ ነው የምትጮኸው።»

«ባሏ በአምስት ሰው ተከቦ እሷ ቆማ ትጮሃለች?»

«ፈርታ ነዋ እትዬ።»

«እዚያ አገር ድንጋይ የለም እንዴ?!»

ይኼኔ ባለቤቴ ፋጡማ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ከጓዳ ብቅ አለች። «እትዬ፣ እየዋሸዎት ነው! ባልም ሚስትም የለም። ሁሉንም የምትደበድበው ሴቲቱ ራሷ ናት።»

ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቁም።

«ለምን ለወጥከው?» አሉኝ።

«አያምኑኝም ብዬ ነው።»

ወደ እኔ ዞረው «አያ ይማምን ማን ነው ሐኪም ቤት ያደረሰው?» ብለው ጠየቁኝ።

አያ ይማም ባላቸው ናቸው። እኔ ሕፃን ሳለሁ በሆድ ሕመም ሊሞቱ ሲሉ የሰፈሩ ወንዶች ተሸክመው መኪና መንገድ እንዳደረሷቸው ስሰማ ነው ያደግሁት። እንደዚያው መለስኩላቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ፋጡማና እኔ ተያየን።

«የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ማዶ ለቀብር ሄዶ ነበር። የቀትሩን ዙሁር ሰገድኩና በቡሉኮ አዝዬው ወጣሁ። ክረምት ነው፣ ጭቃው ቢይዘኝ ጫማዬንም ጣልኩት። ከሰዓት በኋላ ለአስር ሰላት አዛን ሲል፣ መኪና መንገዱ ሲታየኝ፣ ከቀብር የሚመለሱት አገኙኝና ተቀበሉኝ። ያቺን የመጨረሻዋን ዳገት እነሱ ወጧት። ሰው ያየውም እነሱን ነው። እኔም ባሌ በሚስቱ ታዘለ እንዳይባል ዝም አልኩ። ግን አንድ ቀን እሱ ራሱ ይናገራል ብዬ ስጠብቅ... ይኸው ሳይናገር አረጀን።»

ድምፃቸው ተሰበረ። «እትዬ፣ ሐኪሙ አያልቅሱ ብሏል» አልኳቸው።

በዚህ መሃል ስልካቸው ጠራ። አያ ይማም ናቸው። ስንዴ ውቂያ ላይ ሆነው መምጣት ስላልቻሉ በየቀኑ ከአውድማው ይደውላሉ። ስፒከር ላይ አደረግሁት።

«አብሽሪ ሐዋ! ዐይንሽ እንዴት ዋለ?» ሲሉ ሳሎኑ ተናወጠ። እሳቸው ስልክ የሚያወሩት ኩታበር ላይ ቆሞ ደሴ ያለውን ሰው እንደሚጠራ ነው።

እትዬ ሐዋ በእጃቸው «ተው!» አሉኝ። አላስቻለኝም።

«አያ፣ ያኔ ሲታመሙ ማን ነው የተሸከመዎት?»

 በሬ የሚነዱት ሰዎች ድምፅ ብቻ ይሰማል። 

«እሷ ናት» አሉ ቀስ ብለው።

«ታዲያ ለምን...»

«መጀመሪያማ ተናግሬ ነበር ልጄ። ከሐኪም ቤት ስመለስ መስጊድ ደጃፍ ብናገር የተቀበሉን ሰዎች ራሳቸው ሳቁብኝ። ‹ጥቂት ደግፋህ ይሆናል እንጂ ከቤት ጀምራማ አትችልም፤ ሕመሙ ራስህንም ነክቶሃል› አሉኝ። ከዚያ እናንተ ናችሁ አልኳቸው... እሱን ሁሉም አመነኝ።»

አፈርኩ። እኔ ከደቂቃዎች በፊት ሶፋ ላይ «አያምኑኝም» ብዬ የዋሸሁትን ዓይነት ውሸት ነው አያ ይማም ይህን ሁሉ ዓመት የኖሩበት።

እትዬ ሐዋ ስልኩን ከእጄ ተቀበሉኝ። «አልሰማሁህም» አሉ።

«እሷ ናት አልኩ እኮ!»

«ለስንዴው ነው የምትነግረው? ጮክ በል! አውድማው ላይ ያሉት ይስሙህ!»

አያ ይማም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ሐዋ ናት! ከቤት ጀምራ መኪና መንገዱ ዳገት ሥር ድረስ ያዘለችኝ ሐዋ ናት! ወላሂ!»

በሬ ከሚነዱት አንዱ «ኧረ ውሸት!» ሲል ተሰማ፤ ሌሎቹ ሳቁ።

«ሳቁ!» አሏቸው አያ ይማም። «እንግዲህ በሳቅ የሚመለስ ይማም የለም!»

እትዬ ሐዋ አላለቀሱም። «አልሐምዱሊላህ» ብለው ስልኩን ሰጡኝና ሶፋው ላይ ደገፍ አሉ።

«በል ፊልሙን ቀጥል። ከምትጥላቸው ሰዎች አንድ እንኳ እንዳትቀንስባት!»

ወላሂ አልቀነስኩባትም... እንዲያውም ከራሴ ሁለት ጨመርኩላት።