በቁሟ የተለቀሰላት

ሙሉጌጥን ሐዋሳ ፒያሳ ላይ የማያውቃት የለም። በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ዕድሜዋን ጨርሳለች። በሙያዋ የተመሰከረላት፣ አፏም ቁጥብ የሆነ ሴት ናት። አንድ ነገር ብቻ ነበራት፤ የሴት ልጅ ትከሻ ስትለካ ሜትሩን እንደያዘች ትፈዛለች። «እትዬ፣ ጨረስሽ እኮ!» ሲሏት ነው የምትባንነው። ጎረቤቶቿ «የሞተች ልጇ ትዝ ብላት ነው» እያሉ ከንፈር ይመጡላታል። ወይ ጉድ! እውነቱን ቢያውቁት ከንፈር መምጠጡ በቀረባቸው ነበር።

ልጅቱ ሩት ትባላለች። በግንቦት 1983 ታጋዮቹ አስመራ ሲገቡ ሙሉጌጥ እዚያ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። ባሏ የአስመራ ሰው ነበር፤ በዚያው ዓመት ታሞ ሞቶባታል። «ከኢትዮጵያ የመጣችሁ ውጡ» ሲባል የስድስት ዓመቷ ሩት ከተማው ዳር አያቷ ቤት ነበረች። ሄዶ ለማምጣት ጊዜ ማን ሰጥቷት! ጨቅላውን ናሆምን አዝላ የጭነት መኪና ላይ ተሰቀለች። ለሁለት ሳምንት መስሏት ነበር። አገር ለሁለት ተከፈለና እሷ ሐዋሳ አክስቷ ቤት ወደቀች።

ኋላ ስልክ ተገኘ፤ ደብዳቤም ይመላለስ ጀመር። አያትየዋ ግን «ልጄ ያስቀረልኝ እሷን ብቻ ነው፤ አልሰጥም» ብላ ድርቅ አለች። ሙሉጌጥ ለምና፣ ሽማግሌ ልካ፣ በስንት ጣር እሺ አሰኘቻት። ሩት ዐሥራ ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። «በክረምት መጥቼ እወስድሻለሁ» አለቻት በስልክ። ክረምቱ የ1990 ክረምት ነው። በግንቦት ጦርነት ፈነዳ፤ ስልኩም ተቆረጠ።

ከዚያ ሰዎች ይለቀሙ ጀመር። ትናንት አብሮ ሻይ የጠጣ ጎረቤት፣ «ኤርትራዊ ነህ» ተብሎ በአውቶቡስ ይጫናል። ሙሉጌጥ ባሌ የአክሱም ሰው ነው እያለች ነበር የኖረችው። ታዲያ አንድ ቀን ጎረቤቷ ከበቡሽ ጠጋ ብላ፣ «የዕድር መዝገባችን ላይ ‹ሩት፣ አስመራ› ተብሎ የተጻፈው ናሆምን እንዳያስበላሽ» አለቻት። ክፉ አስባ አይደለም፤ አዝናላት ነው። ስሙን ያስጻፈችው ራሷ ሙሉጌጥ ነበረች፣ ሩቅ ብትሆንም ልጄ ናት ብላ። ናሆም የሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ አንዷን ቀምተውኛል፣ እሱንም ሊወስዱብኝ ነው አለች።

በማግስቱ ማለዳ የዕድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ደበሌ ቤት ሄደች።

«ጋሽ ደበሌ፣ የሩትን ስም ይሰርዙልኝ።»

«ምን ነካሽ ሙሉዬ? የልጅ ስም የሚሰረዘው ሲሞት ነው እንጂ። ምን ሆነች?»

«ሞታለች» አለች።

ጋሽ ደበሌ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «እኛ እያለን? እኛ እያለንልሽ ብቻሽን መርዶ ሰማሽ?» ብለው እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። እሷ ስም ብቻ ተሰርዞላት ወደ ስፌቷ ልትሄድ ነበር፤ የዕድርን ነገር ረሳችው! ቤቷ ሳትደርስ ጡሩንባው ተነፋ። እኩለ ቀን ላይ ድንኳኑ ተተክሎ፣ አግዳሚው ተደርድሮ፣ ሴቶቹ ንፍሮ ጥደዋል።

አስመስዬ እወጣዋለሁ ብላ ነበር። የመጀመሪያዋ አልቃሽ «ልጄ!» ስትል ግን ሰባት ዓመት ያፈነችው ሁሉ ወጣ። ደረቷን ደቃች፣ ፊቷን ነጨች፣ ሁለት ሰው ይዟት አልቻላትም። ናሆምም ጥግ ቆሞ እኅቱን አለቀሰ። ሦስት ቀን ሙሉ በሕይወት ላለች ልጅ ተቀመጠች።

ናሆምን ማንም አልነካባትም። እሷን ግን ሩት አልለቀቀቻትም። በጠራራ ፀሐይ መኪናዋን ስትረግጥ ከኋላዋ የልጅ ኮቴ ትሰማለች። «እማ፣ በክረምት አላልሽም?» ይላታል ድምፁ። ዞር ትላለች፣ በረንዳው ባዶ ነው። ሟርቴ ደርሶባት ይሆን? በአፌ ገድያት ይሆን? እያለች ሃያ ዓመት ተብሰለሰለች። ለንስሐ አባቷ እንኳ አልተነፈሰችም።

በሐምሌ 2010 የአስመራ ስልክ ተከፈተ። አገሩ በሙሉ ይደውላል፤ የማያውቀው ቁጥር ላይ ደውሎ የሚያለቅስ ነበር። ሙሉጌጥ የአያትየዋን ቤት ቁጥር መቼ ረስታው! ሳምንት ሙሉ ግን አልደፈረችም። ብትኖርስ ምን ይሏታል? ብትሞትስ? እሑድ ከቅዳሴ መልስ ናሆምን አስቀመጠችውና ሁሉንም አፍረጠረጠችው።

«እኅቴኮ ሞታለች» አለ ናሆም። «እኔ ራሴ አልቅሼላታለሁ።»

«እኔ ነኝ የገደልኳት ልጄ። አንተን ላተርፍ ብዬ።»

አፍጥጦ አያት። ስልኩን ከእጇ ወሰደና የምትነግረውን ቁጥር መታ፣ ድምፁንም ከፍ አደረገው።

የጎልማሳ ሴት ድምፅ በትግርኛ «ማን ልበል?» አለ። ሙሉጌጥ ከ1990 ወዲህ ትግርኛ ከአፏ አውጥታ አታውቅም፤ ቃላቱን እየፈለገች በዚያው በትግርኛ መለሰች።

«ሩት... እናትሽ ነኝ።»

ሙሉጌጥ የሰላምታውን ወግ ትታ፣ ተንበርክካ፣ ያለውን ተናገረች። «ልጄ፣ ሞታለች ብያለሁ። ድንኳን አስተክያለሁ። ይቅር በይኝ።»

«አውቃለሁ» አለች ሩት።

«ምን?»

«ያን ጊዜ ከሐዋሳ የተባረሩ፣ ቤታችንን የሚያውቁ ሰዎች ነገሩን። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡ ነበሩ። አያቴን ሊያጽናኗት መጡ፤ በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ።»

ናሆም ትግርኛ አያውቅም። የእናቱን ፊት ብቻ ያያል።

«ብዙ ሰው ነበር?» አለች ሩት። የሠላሳ ሦስት ዓመት ሴት ናት፤ ድምጿ ግን የልጅ ድምፅ ሆነ።

«ድንኳኑ አልበቃም ነበር።»

«አንቺስ አለቀስሽ?»

«አለቀስኩ።»

«ለሰው ይምሰል ነው ወይስ ለእኔ?»

«ለአንቺ ነው ልጄ። ለአንቺ።»

«እነሱም እንደዚያ ነው ያሉኝ» አለች ሩት። «አንቺ ራስሽ እስክትነግሪኝ ስጠብቅ ነበር።»