የሚዘረጋው ወንበር

አሰላ ውስጥ ቢዝነስ ክላስ የበረረ ሰው መሆን ቀላል አይደለም። የባጃጅ ሾፌሩ ይጠይቃል፤ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ባልደረቦቼ ይጠይቃሉ፤ ከሰላምታ ሌላ ተነጋግረን የማናውቅ ጎረቤት ሳይቀር አጥር ላይ ተደግፎ እውነት ወንበሩ አልጋ ይሆናል ወይ ይለኛል። አዎ፣ አልጋ ይሆናል። ትኩስ ፎጣ ይሰጣል፤ ነጠላ ጫማ ይሰጣል፤ ምግቡም በሸክላ ሳህን ይመጣል። ይህን ሁሉ ደጋግሜ አውርቻለሁ። አባቴ ግን ያን አልጋ የሚሆን ወንበር ይዞ ሰዓታት ሙሉ ቀጥ ብሎ እንደተቀመጠበት ለማንም አልተናገርኩም፤ ምክንያቱን ተናግሮ ለመጨረስ የባጃጅ መንገድ ያጥራል።

ነገሩ የጀመረው ከፈረስ ነው። አባቴ የሽርካ ሰው ነው፤ ከጎበሳ ወጣ ብሎ ገብስና ስንዴ ያርሳል። ሰባን ካለፈ ቆይቷል። ፈረሱ ይብቃህ ስንለው እኔ ከፈረስ የምወርደው እናንተ በቃሬዛ ስታወርዱኝ ነው ይለን ነበር። ባለፈው ክረምት ከገበያ ሲመለስ ፈረሱ ጭቃ ላይ ተንሸራተተና አባቴ በጎኑ ወደቀ፤ ዳሌው ተሰበረ። አሰላ አምጡት ብዬ ስለምን ቤተሰቡ ወጌሻ ይየው አለና ቀኑ ሄደ። አጥንቱ ተጣሞ ገጠመ። በመጨረሻ ወንድሞቼ ተመካክረው ህንድ ሄዶ እንዲታከም ወሰኑ፤ አስታማሚዋ ደግሞ እኔ ሆንኩ። ሴት ነሽ፣ እንግሊዝኛም ታውቂያለሽ ተባልኩ። እኔ የማስተምረው ሒሳብ ነው፤ ማን ይሰማኛል።

ቀዶ ሕክምናው ደህና ሆነ። ከሆስፒታል ልንወጣ ስንል ግን ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ አስጠነቀቀኝ። አውሮፕላን ውስጥ እግሩን አንጠልጥሎ ረጅም ሰዓት ከተቀመጠ ደሙ እግሩ ውስጥ ሊረጋ ይችላል፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድለዋል። እግሩን ዘርግቶ ይተኛ፣ አልፎ አልፎ እየደገፍሽው ይራመድ፣ ቁርጭምጭሚቱ ማበጡን ተከታተይ አለኝ። ወንድሞቼ ለመልሱ ጉዞ ቢዝነስ ክላስ የቆረጡልን ለድሎት አልነበረም።

በረራው ጠዋት ነበር፤ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። አባቴ መተላለፊያው ዳር ተቀመጠ፤ እኔ ከጎኑ በመስኮቱ በኩል። አስተናጋጇ ጎንበስ ብላ «አባቴ» እያለች ትኩስ ፎጣ በመቆንጠጫ ስታቀርብለት በሁለት እጁ ተቀብሎ ፊቱን፣ አንገቱን፣ እጁን እስከ ክርኑ አበሰና አራት ማዕዘን አድርጎ አጥፎ መለሰላት። ከዚያ ወንበሩን መረመረው። አዝራሮቹን አንድ በአንድ አሳየሁት፤ ይህኛው እግር ያነሳል፣ ይህኛው ጀርባ ያስተኛል። ሰው ይህን ያህል ተመችቶት ወዴት ነው የሚሄደው ብሎ ሳቀ። አውሮፕላኑ ሲነሳ ዓይኑን ጨፍኖ ዱዓ አደረገ። እኔም እፎይ አልኩ፤ ከእንግዲህ ማስተኛት ብቻ ነው ብዬ።

ከመተላለፊያው ማዶ፣ ከአባቴ ትይዩ፣ እኩያው የሚሆኑ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የአገር ሰው ናቸው፤ ጥቁር ኮት ለብሰዋል፤ ፂማቸው የሰነበተ ነው። ከጎናቸው ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ የታጠፈ ጋቢና ትልቅ ፖስታ ተቀምጦበታል። ለጋቢው ሳይቀር ወንበር የገዛ የጠገበ ሰው አልኩ በልቤ። እንዲህ ነኝ፤ ሰው ሳላውቅ ማርክ እሰጣለሁ።

ለአባቴ መድኃኒት የሚውጥበት ውሃ ላመጣ ተነሳሁ፤ ሽንት ቤትም ደርሼ ቆየት ብዬ ስመለስ ሁለቱ ሽማግሌዎች ሲያወሩ ደረስኩ። እንዳዩኝ ዝም አሉ። አባቴ ሰው በተዋወቀ ቁጥር ዘሩን፣ አገሩንና የከብቱን ብዛት ሳይቀር የሚያጫውተኝ ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። መድኃኒቱን ዋጠና ፊት ለፊቱን ያይ ጀመር።

ምግብ ሲመጣም አልነካውም። ሥጋውን ጠርጥሮ ይሆናል ብዬ ለሙስሊም ተብሎ የታዘዘ መሆኑን ነገርኩት። ሰማሁ አለ፤ ግን አልበላም። ማዶ ያሉትም ሰሃናቸውን ሳይከፍቱ መለሱ። በል እንግዲህ ካልበላህ ተኛ አልኩት። አልተኛም አለ። ቆይቼ ደገምኩ፤ እሱም ደገመ። እንዲህ እየተባባልን ሁለት ሰዓት አለፈ። ብርድ ልብሱን ገልጬ ቁርጭምጭሚቱን ሳየው ካልሲው ሰምጦበታል። እግሩ ማበጥ ጀምሯል።

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። እጄን አሻግሬ አዝራሩን ተጫንኩት። ወንበሩ ቀስ እያለ መዘርጋት ሲጀምር አባቴ የቅድሙን ትምህርት አልረሳም፤ ሌላውን ተጭኖ መለሰው። እኔ አስተኛለሁ፣ እሱ ያነሳል። አስተናጋጇ ወንበሩ የተበላሸ መስሏት መጣች። ማዶ ያሉት ሽማግሌ እንዳይሰሙን በኦሮምኛ ነበር የምንጨቃጨቀው፤ እኔም በኦሮምኛ ክፉ ነገር ተናገርኩ። ፈረሱን ተው ስንልህ እምቢ አልክ፣ አሁን ደግሞ ለመተኛት እምቢ፣ እኛ ሬሳህን ይዘን ጎበሳ እንድንገባ ነው የምትፈልገው አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ራሴንም አስደነገጠኝ።

አባቴ አልተቆጣም። እጄን ይዞ ከአዝራሩ ላይ አነሳውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ።

«ሰውየው ለቅሶ ላይ ናቸው። ሬሳ ይዘው የሚሄዱት እሳቸው ናቸው። ሚስታቸው እዚሁ አውሮፕላን ውስጥ ናት፤ ከታች። ያ ባዶ ወንበር የተቆረጠው ለእሷ ነበር።»

ፖስታውን ያኔ በደንብ አየሁት። እኛም ከሆስፒታሉ የወጣነው እንዲሁ ዓይነት ፖስታ፣ የራጅ ፎቶ የሚያዝበት፣ ተሸክመን ነው። አባቴ ገና ሲቀመጥ ለይቶት ነበር። እኔ ውሃ ፍለጋ ስሄድ በገበያ እንደሚጠያየቅ ሰው ማንን አሳክመው እንደሆነ ጠይቋቸው ኖሯል። ለእኔ ያልነገረኝ፣ አንቺ ደንግጠሽ ፊትሽ ይቀየራል፣ ሰው በሐዘኑ መታየት አይወድም ብሎ ነው። አፈርኩ። ማርክ የሰጠሁበትን ዓይኔን ባወጣው ደስ ባለኝ።

እፍረቱ ግን የአባቴን እግር አያድነውም። በእኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ጎኑን አያሳርፍም፤ ሐዘንተኛ ፊት እግርን መዘርጋትማ ነውር ነው። ይህን አውቃለሁ፤ ያደግኩበት ነው። ሐኪሙ ግን አያውቀውም፤ የረጋ ደምም አያውቀውም። ይህ ለቅሶ ቤት አይደለም፣ አውሮፕላን ነው ብዬ ለመንኩት። ሐዘንተኛው የተቀመጠበት ሁሉ ለቅሶ ቤት ነው አለ። ቀጥሎም አዘዘኝ።

«ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። እኔ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ነው እንጂ እዚህ አልቀመጥም ነበር። ሂጂና አጠገባቸው ተቀመጪ።»

ሄድኩ። ሽማግሌው ጋቢውንና ፖስታውን አንስተው ቦታ ሰጡኝ። የሞተች ሴት ወንበር ላይ መቀመጥ ከበደኝ፤ ጫፉ ላይ ብቻ አረፍኩ። ፈጣሪ ያጽናዎት አልኳቸው። አሜን አሉ። ብዙ አልጠየቅኩም፤ እሳቸው ግን ሰው አጥተው ስለነበር ራሳቸው ያወሩኝ ጀመር። የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር። ከሚስታቸው ጋር ስድስት ሳምንት ሆስፒታል ቆይተዋል። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ የምናደርግላት የለም፣ አገሯ ትግባ ሲሏቸው ተኝታ እንድትሄድ ብለው ይህን ወንበር ቆረጡ። ለበረራው ሦስት ቀን ሲቀር አረፈች። አየር መንገዱ ቢሮ ሄደው ሬሳው የሚጫንበትን ሲያስጨርሱ ሠራተኛዋ የእሷን ወንበር ልሰርዘው ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ተይው አሏት። ለምን እንደዚያ እንዳሉ አሁንም አያውቁትም።

እየሰማኋቸው ዓይኔ ወደ አባቴ እግር ይሸሻል። እሳቸውም አዩኝ፤ ዓይኔን ተከትለው እብጠቱን አዩት። አባትሽ ለምን ጋደም አይሉም አሉኝ። አልደከመውም ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ጨዋነቱም እሱ ነበር። እኔ ግን አባቴን መቅበር አልፈለግኩም።

«እርስዎ ለቅሶ ተቀምጠው እንዴት ጎኔን አሳርፋለሁ ብሎ ነው» አልኳቸው። «ሐኪሙ ካልተኛ ደሙ ረግቶ ይገድለዋል ብሎናል።»

ሽማግሌው ቀበቷቸውን ፈትተው ተነሱ፤ መተላለፊያውን ተሻግረው አባቴ ፊት ቆሙ። አባቴ ሊነሳላቸው ሞከረ፤ ትከሻውን ይዘው አስቀሩት።

«ወንድሜ፣ ክብርዎ ደርሶኛል፤ ለቅሶዬን ደርሰዋል» አሉት። «ስድስት ሳምንት ሙሉ እንድትተኛ ለመንኳት፤ ሕመሙ አላስተኛትም። እዚህ እንኳ ትተኛለች ብዬ ነበር። እባክዎ እርስዎ ይተኙልኝ።»

አባቴ ቀና ብሎ አያቸው። እጁን ወደ አዝራሩ ሰደደና ራሱ ተጫነው። ወንበሩ ተዘረጋ፤ የታመመውን እግሩን በሁለት እጄ ደግፌ አቀናሁለት። ሽማግሌው ተመልሰው ያን ጋቢ አመጡና ከእግሩ ጀምረው እስከ ደረቱ አለበሱት። ጫፉን ከትከሻው ሥር ሲያስገቡ አስታማሚ እንደነበሩ ያስታውቃል።

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ሽማግሌው አልተቀመጡም፤ የወንበሩን ጠርዝ ይዘው ቆመው ያዩታል። አስተናጋጇ ጋሪዋን እየገፋች ስትመጣ ድምፅ እንዳታሰማ በእጃቸው ምልክት ሰጧት። እኔ አባቴን አውቀዋለሁ፤ እንቅልፍ እንደወሰደው ማንኮራፋት ይጀምራል፤ ቤታችን ውስጥ የማይሰማበት ክፍል የለም። ያኔ ግን ትንፋሹ ረጅምና ጸጥ ያለ ነበር፤ የዓይኑ ቆብ በደንብ ተጨፍኗል፤ ከጋቢው ሥር ጣቱ መቁጠሪያ እንደያዘ ሰው አንድ በአንድ ይንቀሳቀሳል።

«ተኙ?» አሉኝ ሽማግሌው በሹክሹክታ።

«ተኝቷል» አልኳቸው።

አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ወደ ቦታቸው ሄደው ተቀመጡና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው ማልቀስ ጀመሩ። እኔም ሄጄ ባዶው ወንበር ላይ ጀርባዬን አስደግፌ በደንብ ተቀመጥኩ። አባቴ አልተንቀሳቀሰም፤ አልቅሰው እስኪጨርሱ ዓይኑን አልገለጠም።