ያልለጠፍኩት ሉህ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። በየጾሙ ንስሐ ስገባ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ጾም መግደፌን እዘረዝርና ይህችን አንዲት ነገር ዘልዬያት እመጣለሁ። ዛሬ የምናዘዘው ለእናንተ ነው፤ የባለቤቴን የታደሰን የዕለት ማስታወሻ በኢንተርኔት ስታነቡ ለኖራችሁት።

ታደሰ ካረፈ ዓመት ሊሆነው ነው። ዕድሜውን የጨረሰው አሰላ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ላቦራቶሪ ነው። የሰው ፊት የሚያበላሸውን የቁንጭር በሽታ የሚያመጣ ተውሳክ አለ፤ ተውሳኩ ያለ እሱ መኖር የማይችለው አንድ ፕሮቲን አለው። ያንን ፕሮቲን አስሮ ተውሳኩን የሚገድል መድኃኒት ነበር የሚፈልገው። የሠራውን በየቀኑ በሉህ ላይ ይጽፍና ከሥራ ሲመለስ ለእኔ ይሰጠኛል። እኔ ጡረታ እስክወጣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ተይቤ፣ ማንም በነፃ እንዲያነበው እለጥፈዋለሁ። የተሳካውም የከሸፈውም እኩል ይወጣል። በየሉሁ ግርጌ «የዛሬ ስህተቴ» የሚል ርእስ አለ። ታደሰ ያንን ቦታ አንድም ቀን ባዶ ትቶት አያውቅም።

ሰው ይስቅበት ነበር። አንድ ሠርግ ላይ የሥራ ባልደረባው፣ «ታደሰ እኮ ሽሮ ቢያርበት ለዓለም ሕዝብ ያሳውቃል!» ብሎ ድንኳኑን በሳቅ ሞላው። እሱም አብሮ ስቆ፣ «ካልነገርኩት ጎረቤቴም ያንኑ ያሳርራላ!» አለ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ኮራሁ። አሁንም እኮራለሁ። ሁሉም የደረሰበትን በሚደብቅበት አገር፣ ጓዳውን ከፍቶ የሚሠራ ባል ነበረኝ።

እኔ ግን ምን አደረግኩ?

ለመድኃኒትነት ከሞከራቸው ውስጥ አሥራ አራተኛ ብሎ የቆጠረው ንጥረ ነገር ተውሳኮቹን ፈጃቸው። ያንን ሉህ ያኑ ማታ ተይቤ ለጠፍኩት። እሱ «ገና ነው፣ ተረጋጊ» ሲለኝ መች ሰማሁት? በማኅበራችን ዕለት ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ «ባሌ የቁንጭር መድኃኒት አገኘ» አልኩ። እልልታው ቀለጠ። አንዷ ፊቷ የቆሰለ የእህቷን ልጅ ከበቆጂ ላስመጣት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ጥቂት ይቆይ አልኳት፤ እንደ ባለ መድኃኒት።

በሳምንቱ ሌላ ሉህ ይዞ መጣ። ንጥረ ነገሩን ያሟሟበትን ፈሳሽ ብቻውን ቢሞክረው ተውሳኮቹ እንደዚያው ሞተዋል። ገዳዩ ፈሳሹ ነበር፤ አሥራ አራተኛው ምንም አልሠራም። ግርጌው ላይ «የዛሬ ስህተቴ፦ ይህን ከሁሉ አስቀድሜ መሞከር ነበረብኝ» ይላል።

ያንን ሉህ አልለጠፍኩትም። አጥፌ ሣጥኔ ውስጥ፣ ከነጠላዎቼ ሥር ሸሸግኩት። የባሌን ገመና ሸፈንኩ አልኩ ለራሴ። ሚስት ገመና ትሸፍን የለ? ውሸቴን ነው። እሱ ስህተቱን ገመና ብሎት አያውቅም። የሸፈንኩት በማኅበሩ ፊት የተከፈተውን የራሴን አፍ ነበር። እሱ ወደ አሥራ አምስተኛው ተሻገረ። የተየብኩትን ደግሞ አያነብም፤ ያምነኛል።

ወራት አለፉ። አንድ እሑድ ምሳ ላይ ሀዊ የምትባል ልጅ ደወለች። የጢቾ ልጅ ናት፤ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትሠራለች። ስልኩ ድምፁ ተከፍቶ ነበር።

«ጋሼ፣ ፈሳሹን ብቻውን ሞክረውት ያውቃሉ?»

«አዎ ልጄ፣ ጽፌዋለሁ እኮ።»

«የት ጋሼ?»

የለጠፍኩትን አንብባ ሰባት ወር ሙሉ በአሥራ አራተኛው ላይ ስትደክም ኖራለች። ታደሰ እንዳለው እያሟሟች፣ እንደ እሱ ተውሳክ ሲሞት እያየች። ምርቃቷ ለከርሞ ተላለፈ። እናቷ ለድግሱ ያደለቡት ሙክት ሳይታረድ ቀረ።

ታደሰ ሉሁን ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ አጣው። በሉሆቹ ማኅደር ውስጥም ፈልጎ አጣው። ወደ እኔ ዞሮ፣ «የሺ፣ ያ ሉህ ትዝ ይልሻል?» አለኝ።

«እንጃ» አልኩት። አንዲት ቃል ናት። እሷን ለማለት አፌ እንዴት ታዘዘኝ?

«ሳልጽፈው የጻፍኩት መስሎኝ ነው፤ እርጅና ነው» አለ። የዚያን ዕለት «የዛሬ ስህተቴ፦ ማሳወቅ የነበረብኝን አላሳወቅኩም፤ ሀዊን ይቅርታ እጠይቃለሁ» ብሎ ጻፈ። ያንን የተየብኩት እኔ ነኝ። በእነዚህ እጆቼ። አንድም ፊደል ሳልስት።

ለቅሶው ላይ ሀዊ መጣች። አጠገቤ ተቀምጣ እንዲህ አለችኝ፦ «እትዬ የሺ፣ አንዴ ጋሼን ተቀይሜያቸው ነበር፤ ሰባት ወር በሉብኝ ብዬ። ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ጽፈው ሳነብ ግን ይቅር አልኳቸው። ዛሬ እኔም የከሸፈብኝን ሁሉ እለጥፋለሁ።» ሰዎች ጥቁር ስለለበስኩ ያለቀስኩ መሰላቸው። እኔ ያለቀስኩት ልጅቷ ያልበደላትን ሰው ይቅር ማለቷን ስለሰማሁ ነው።

ሉሁን ከሣጥኔ አውጥቼ ፎቶ አንስቼዋለሁ፤ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ይገኛል። የእጁን ጽሑፍ እዩት፣ ቀኑን እዩት። ታደሰ ጽፎታል። ታደሰ አልደበቀም። አላረጀምም፤ ትክክል ነበር የሚያስታውሰው። በዚህ የምኮራውን ያህል በምንም አልኮራም።

ሀዊ፣ ለእሱ የሰጠሽውን ይቅርታ መልሰሽ ውሰጂው፤ እሱ አያስፈልገውም። ለእኔ ስጪኝ አልልሽም። ብትሰጪኝም ብትነፍጊኝም ልክ ነሽ።

እሱ ግርጌውን ባዶ አይተውም ነበርና፣ እኔም አልተውም።

የዛሬ ስህተቴ፦ ይህን እሱ በሕይወት ሳለ አልጻፍኩም።