የጃፓኗ ሴት ብሩሽ

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር፤ በረዶው ሚኒያፖሊስን ከሰማዩ ጋር አንድ ቀለም አድርጓት ነበር። ልቤ የፈቀዳትን ሂሩትንና እናቷን እትዬ አስካለን ከከተማዋ ዳር ካለችው ብሩክሊን ፓርክ አምጥቼ፣ በከተማዋ ሙዚየም በእንጨት ተቀርጸው የታተሙ የጃፓን ሥዕሎችን አስጎበኛቸው ነበር። ምኞቴ እናቲቱ በዕውቀቴ ረክተው ልጃቸውን እንዲድሩልኝ ነበር።

መስታወት ይዛ ብሩሽ ወደ አፏ ያስጠጋች ሴት የተሣለችበት ሥዕል ዘንድ ስንደርስ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ይህች ባለቅኔ ናት፤ ብዕሯን ከከንፈሯ ያገናኘችው ያልጻፈችው ስንኝ ስለሚያቃጥላት ነው» አልሁ።

«ብዕር አፍ ውስጥ ምን ይሠራል፣ ልጄ? ድዷን እየተነቀሰች ነው እንጂ!» አሉ እትዬ አስካለ፤ ከንፈራቸውን ገልብጠውም የተነቀሰ ድዳቸውን ለጎብኚው ሁሉ አሳዩ።

«ማሚ፣ ፕሊስ!» አለች ሂሩት።

የሙዚየሙ አስጎብኚ ነገሩን ጠይቃ ሂሩት ስትተረጉምላት በደስታ አጨበጨበች። «እናትሽ ለጥቂት ነው የሳቱት! ጥርሷን እያጠቆረች ነው፤ ያኔ የባለትዳር ሴት ምልክት ነበር።»

እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞሩ። «የባለትዳር ምልክት ሳታውቅ ነው ትዳር ያማረህ? ገና ነህ፣ ልጄ!»

ከዚያም ጎብኚዎቹን አስከትለው ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፉ፤ ሂሩትም ልታስተረጉምላቸው ተከተለች።

በዚያች ቅዳሜ ሂሩትን አጣሁ።