መጻፍ ያልቻለ ሶያ ሶስ አይነካም

ማሪቪክ በጃፓንኛ መገበያየት፣ ከጥርስ ሐኪም ጋር መከራከርና አማቷን ማሳቅ ትችላለች። ማንበብ ላይ ግን ነገር ይበላሻል። ሕፃናት መጀመሪያ የሚቆጥሩትን ቀላሉን ፊደል ታነባለች። ያቃታት ካንጂ የሚሉት ነው፤ አንዱ ምልክት ብቻውን ቤት ሙሉ ዕቃ ተሸክሞ የሚሄድ የሚመስለው። ከፊሊፒንስ ተድራ ከጃፓኗ ኒጋታ ወዲያ ወዳለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ከመጣች ጀምሮ ስንቴ ጀምራ ስንቴ እንደተወችው እሷም አታውቀውም። የመጀመሪያው የመማሪያ መጽሐፏ ዛሬ የልብስ ማጠቢያውን አንድ እግር ደግፎ ይኖራል። "ከኔ ይልቅ ማሽኑ ተጠቀመበት" ትላለች ስትጠየቅ።

በሚያዝያ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን የወላጆች ስብሰባ ይጠራል። እዚያ ማንም የማይፈልገው ሥራ ሁሉ ይታደላል፤ መንገድ ማሻገር፣ ገንዳ ማጽዳት፣ ጋዜጣ ማዘጋጀት። ፈቃደኛ ስለማይገኝ እናቶቹ ክብ ሠርተው ይቆሙና በእጅ ምልክት ድንጋይ፣ ወረቀት፣ መቀስ ይጫወታሉ፤ ድንጋይ መቀስን፣ መቀስ ወረቀትን፣ ወረቀት ድንጋይን ይረታል። ሁለት ዙር የተሸነፈች ትሸከማለች። በየዓመቱ ታዲያ ስብሰባውን የምትመራው ወይዘሮ ሺባሃራ ፈገግ ብላ፣ "የኮሃሩ እናት፣ እርስዎ ይረፉ። ካንጂው ያስቸግርዎታል" ትላታለች። ማሪቪክም በደስታ ጥግ ይዛ ብስኩቷን ትበላ ነበር።

ዘንድሮ ግን ሦስተኛ ክፍል የገባችው ልጇ ኮሃሩ ጫማዋን እያሰረች ጠየቀቻት።

"እማ፣ አንቺ ለክፍላችን እንግዳ ነሽ?"

"ማነው ያለው?"

"ሪኩቶ ሺባሃራ። እናቱ ናት ያለችው። እንግዳ ሥራ አይሠራም አለች።"

እና ማሪቪክ ክቡ ውስጥ ገባች።

"ኧረ እርስዎ ይረፉ" አለች ወይዘሮ ሺባሃራ።

"አርፌ ጨረስኩ" አለች ማሪቪክና እጇን ወደ ኋላ ደበቀች።

ወረቀት አወጣች። ሌሎቹ በሙሉ መቀስ ይዘው ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ማሪቪክ ለሁለተኛው ዙርም ወረቀቷን ይዛ መጣች። የደረሳት ሥራ በመጸው በሚደረገው የስፖርት ቀን ከጠዋት እስከ ቀትር ማይክ ይዞ መርሐ ግብሩንና የሯጮቹን ስም ማንበብ ሆነ። መርሐ ግብሩም ስሙም በካንጂ ነው። ወይዘሮ ሺባሃራ፣ የከሰዓቱ ማይክ የደረሳት እሷ ነበረችና፣ "ካልሆነልዎት እኔ ቀኑን ሙሉ እይዘዋለሁ፤ አይጨነቁ" አለቻት። ማሪቪክ በፈገግታ አመሰገነችና ቤቷ እስክትደርስ ድረስ ጥርሷን ስታፋጭ ሄደች። ይህንን ማይክ አሳልፋ ከሰጠች ዕድሜ ልኳን ብስኩት በይ እንደምትባል ገብቷታል።

"አሁንም ማምለጥ ይቻላል" አለቻት አማቷ ፉሚኤ ወሬውን ስትሰማ። "ጉንፋን ይዞኛል በያቸው።"

"ጉንፋኑ እስከ መጸው ይቆያል፣ እማማ?"

"እኔ ከሰፈር ጽዳት ለመቅረት ክረምቱን ሙሉ ስዬ አውቃለሁ። ዋናው ጽናት ነው።"

ማሪቪክ ጽናቱን ለካንጂው አደረገችው። ለመጀመሪያው ሰሞን ነዶ የማይጠፋ እሳት ሆነች። ቢጫ ተለጣፊ ወረቀት ገዝታ የቤቱን ዕቃ ሁሉ በየስሙ ለጠፈችበት፤ በር፣ መስኮት፣ ወንበር፣ የሩዝ ማብሰያው ሳይቀር። ባሏ ሹሄይ በዓሣ አስጋሪዎቹ ማኅበር ፎርክሊፍት ይነዳል። አንድ ጠዋት ፍሪጁን ተደግፎ ሻዩን ጠጣና ወጣ። ማታ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል።

"ምን ሆነሃል?"

"ሰዎቹ ቀኑን ሙሉ የለስላሳ ጠርሙስ ብብቴ ሥር እየወሸቁ ዞር ይላሉ። ለምን ብል አይናገሩም።" ጃኬቱን ሲያወልቅ ከጀርባው ላይ 'ማቀዝቀዣ' የሚል ቢጫ ወረቀት ወደቀ።

"ቢያንስ አንብበውታል" አለች ማሪቪክ። "ጽሕፈቴ ጥሩ ነው ማለት ነው።"

ዝናቡ ሲገባ ግን እሳቷ ረጠበ። ማታ እያንዳንዱን ምልክት ገጽ እስኪሞላ ድረስ እየደጋገመች ትጽፋለች፤ ጠዋት ስትነሳ ግማሹን አይጥ በልቶት አድሯል። ትናንት እንደ እህት ያወቀችው ምልክት ዛሬ ዳቦ ቤት ስታገኘው ሰላምታ አይሰጣትም። ከዚህ በፊትም ሁልጊዜ የምትተወው እዚህ ላይ ሲደርስ ነበር። ጭንቅላቷ ወንፊት እንደሆነ፣ እዚህ አገር የተወለደ ሰው ግን አንዴ ያየውን በድንጋይ እንደሚጽፍ ታምን ነበር።

"አንድ የሚያስገድደኝ ነገር ካልተገኘ ይኸው ልተወው ነው" አለች ለባሏ። እንደዚህ ስትል ዓይኗ ፍሪጁ ላይ አረፈና ደንብ አወጣች። ከፍሪጁ የሚወጣን ነገር ስም በካንጂ ያልጻፈች እንደሆነ አትበላም። የራበው ይማራል።

ኮሃሩ ግን ተቃወመች። "ላንቺ ብቻ ከሆነ ፍርድ አይደለም። ለሁሉም ነው መሆን ያለበት። ዳኛዋ እኔ ነኝ።" ቀይ እስክሪብቶና ወረቀት ይዛ ፍሪጁ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ወጣች።

ፉሚኤ ሳቀች። "እኔን ነው ልትፈትኚ? አያትሽ ካንጂ ስታነብ ያንቺ አባት አልተወለደም።"

እንቁላሉ ቀላል ሆነ። ወተቱንም ሁሉም ጻፉት። ማሪቪክ እርጎዋን ያለ ጭቅጭቅ ወሰደች፤ እርጎ በቀላሉ ፊደል የሚጻፍ ነገር ስለሆነ ለሁለት ቀን በእርጎ ብቻ ኖረች። በሦስተኛው ምሽት ፉሚኤ ቀዝቃዛ ቶፉ፣ ያን ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሳይ ነገር፣ በየሳህኑ ቆርሳ አቀረበች፣ ላዩ ላይ ቀይ ሽንኩርት እንደ ጠጉር የቀጠነ። ሹሄይ ጨዋማውን ጥቁር ማባያ፣ ሶያ ሶሱን፣ ሊያወጣ እጁን ሰደደ።

"ጻፍ፣ አባ" አለች ዳኛዋ።

"ሶያ ሶስን?" ሹሄይ እስክሪብቶውን ተቀበለ። ቃሉ ሁለት ምልክት ነው፤ ሁለተኛውን ቶሎ ጻፈው። ለመጀመሪያው ያስቀመጠው ቦታ ግን ባዶውን ቀረ። እስክሪብቶው አየር ላይ ቆመ። "ይሄ... ብዙ ነገር አለው። ላዩም አለ፣ ታቹም አለ።"

"ምን አለው?"

"ብዙ ነገር እያልኩሽ።"

"አምጣው ወዲህ" አለች ፉሚኤ። "ወንድ ልጅ አሳድጌ እኔው ልጻፍ።" መነጽሯን አደረገች፣ ወገቧን አቃናች፣ በልበ ሙሉነት ጀመረችና መሃል ላይ መስመሩ ጠፋባት። እንደምንም ጨረሰችው።

ኮሃሩ ወረቀቱን አዟዙራ አየችው። "አያቴ፣ ይሄ ሸርጣን ነው።"

"ጠርሙሱን ወደዚህ አዙሪው፣ ላስታውስ።"

ኮሃሩ ጠርሙሱን ጽሑፉ ወደ ሆዷ እንዲሆን አድርጋ አቀፈችው።

ያን ምሽት ቶፉውን በጨው በሉት። በማግሥቱም ዓሣውን በጨው በሉት። ሹሄይ ምሳውን ሥራ ቦታው እየበላ ደህና ሰነበተ፤ ፉሚኤ ግን ሳህን በጨርቅ ሸፍና "ጎረቤት ደርሼ ልምጣ" ማለት አበዛች። ስትመለስ አፏ ሶያ ሶስ ሶያ ሶስ ይሸታል።

"እማማ፣ ምን በልተው ነው?" አለች ማሪቪክ።

"ምንም። ሽማግሌው ዮኮኢ ብቻውን እንዳይበላ ብዬ ነው።"

ማሪቪክ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ቆመ።

"እማማ፣ እናንተም ትረሱታላችሁ እንዴ?"

ፉሚኤ የሳህኑን ጨርቅ አጣጠፈች። "ስንረሳ አይደል የኖርነው። ስናየው እናውቀዋለን፤ እጅ ነው የሚክደው። አሁን ደግሞ ድምፁን ስትነግሪው ስልኩ ይጽፍልሻል። የሠርግ ካርድ ሲመጣ እኮ ስልኬን እቀሚሴ ውስጥ ደብቄ እያየሁ ነው የምፈርመው።"

"ታዲያ ስንት ዓመት ሳለቅስ ለምን አልነገሩኝም?"

"አልጠየቅሽማ። ደግሞ እንዲህ ያለውን ማን ያወራል?"

ሹሄይ ጨው ያለበትን ዓሣ እያገላበጠ ከጠረጴዛው፣ "ለመሆኑ አንቺን መጻፍ ማን ጠየቀሽ?" አለ። "በማይክ ላይ የሚጻፍ ነገር የለም። የሚጠበቅብሽ ማንበብ ነው።"

ማሪቪክ ባሏን ትኩር ብላ አየችው። በትዳራቸው ይህን ያህል ቁም ነገር ተናግሮ አያውቅም። ስንት ክረምት ገጽ ስትሞላ፣ ጣቷ ሲያብጥ፣ መንገድ ላይ ያለውን ጽሑፍ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው ኖራለች። ረስቼዋለሁ ብላ የተወችው ሁሉ ሰው ሁሉ የሚረሳው ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ መጻፉን ቀነሰች፤ ያገኘችውን ማንበብ ጀመረች። የአውቶቡሱን ግንባር፣ የወተቱን ካርቶን፣ ቆሻሻ የሚወጣበትን ቀን የሚነግረውን ሰሌዳ። ስትረሳ "ደህና ዋል" ትለዋለች፣ ነገ ሌላ ቦታ ታገኘዋለች። ሲሰለቻት እራት በልተው ኮሃሩ ሁሉንም ታስቀምጥና ታስነብባለች። በትክክል ያነበበ፣ አስተማሪዎች እንደሚያደርጉት፣ ቀይ ክብ በአበባ ቅጠል ተከቦ ይሣልለታል። የተደናበረ ሦስት ማዕዘን ነው የሚያገኘው። ፉሚኤ አንድ ምሽት ሦስት ማዕዘን ደረሳትና ሳህን ሳታጥብ ተኛች።

"አበባ አድርጊላት" አለች ማሪቪክ በሹክሹክታ።

"ጉቦ ነው" አለች ኮሃሩ።

የስፖርት ቀኑ ደረሰ። ሰማዩ ጠርቷል፤ ቤተሰቡ ሁሉ ሜዳው ዳር ሰማያዊ ሸራውን ዘርግቶ ቁጭ ብሏል። ማሪቪክ ድንኳኑ ሥር ማይኩን ያዘች። መርሐ ግብሩን አነበበች። የርዕሰ መምህሩን ስም ከነማዕረጉ አነበበች። የሦስተኛ ክፍል ገመድ ጉተታን አነበበች፤ ማንም ዞር ብሎ አላያትም፤ ይህ ለሷ ጭብጨባ ነበር።

ከዚያ የአንደኛ ክፍል ሩጫ መጣ። የሯጮቹ ስም የተጻፈበት ወረቀት ያን ጠዋት ነው የተሰጣት፤ የታመመ ስለማይታጣ አስቀድሞ አይወጣም። አንደኛዋን ጠራች፣ ሁለተኛውን ጠራች፣ ሦስተኛዋ ላይ ስትደርስ አፏ ተከፍቶ ቀረ። ማይኩ ክፍት ስለሆነ ትንፋሿ ሜዳውን ሞላው።

ወይዘሮ ሺባሃራ ከኋላ ደረሰችላት። "ይስጡኝ፣ እኔ ላንብበው።" ወረቀቱን ወሰደች፣ ራቅ አደረገችው፣ ቀረብ አደረገችው። "እ... ይሄ የአዲስ ዘመን ስም ነው፤ ምልክቱን ወላጆቿ እንደወደዱ ነው የሚያነቡት።" ምክትል ርዕሰ መምህሩን ጠራች። እሱም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አጎነበሰ። ሦስቱ ጭንቅላት አንድ ወረቀት ላይ ተደፍቶ ሲቆይ፣ ሽጉጥ ይዞ የቆመው አስጀማሪ እጁ ደክሞት አወረደው።

"ይዝለሉት" አለች ወይዘሮ ሺባሃራ ማይኩን በመዳፏ ከልላ በቀስታ። "አንድ ስም ነው፤ ማንም አያስተውልም።"

ማሪቪክ ወደ መነሻው መስመር አየች። ሦስተኛው መስመር ላይ ባለ ሁለት ሹሩባ ሕፃን ደረቷን ነፍታ ስሟን ትጠብቃለች። መዘለል ምን እንደሚመስል ማሪቪክ በብስኩቱ ጣዕም ታውቀዋለች። በዚህ አገር ደግሞ የሰው ስም እንዴት ይነበባል ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሐኪሙም ባንኩም ይጠይቃል፤ ፉሚኤ ስልሳ ዓመት ስትጠየቅ ኖራለች። በድምፅ ማጉያ የጠየቀ ሰው ብቻ አልነበረም።

"ባለ ሁለት ሹሩባዋ" አለች በማይኩ፣ "ስምሽ እንዴት ነው የሚነበበው?"

ሕፃኗ አየር ሳበች። "ኢሮሃ" ብላ ስትጮህ እስከ ባሕሩ ድረስ ተሰማ።

"ኢሮሃ ካቶጊ፣ ሦስተኛ መስመር" አለች ማሪቪክ። ሰው አጨበጨበ። አራተኛው ልጅ ስሙ ቀላል ነበርና አነበበችው።

"እኔንም ጠይቂኝ" አለ ልጁ ከመስመሩ።

"ያንተን አውቄዋለሁ።"

"ቢሆንም ጠይቂኝ።"

ጠየቀችው። ከዚያ በኋላ ያለ ጥያቄ የሚሮጥ ልጅ ጠፋ። ሁለተኛ ክፍሎች ደግሞ ነገር መጨመር ጀመሩ፤ አንዱ ስሙን ተናግሮ "ድመታችን ወልዳለች" አለ፤ ሌላው የድመቶቹን ስም ሁሉ ጠራ። ምክትሉ ሰዓቱን አየ፣ መርሐ ግብሩን አየ፣ ሁለቱንም ኪሱ ውስጥ ከተተ። ፉሚኤ ከሸራው ላይ ለግራና ቀኙ፣ "ምራቴ ናት። ያስጠናኋት እኔ ነኝ" ትላለች።

የኮሃሩ ተራ ደረሰ። ማሪቪክ ጉሮሮዋን ጠረገች። "የአንቺስ ስም?"

"እማ፣ በናትሽ አታሳፍሪኝ" አለች ኮሃሩ፤ ሜዳው ሁሉ ሰማ። ሮጣም አምስተኛ ወጣች፤ ስድስት ነበሩ።

ቀትር ላይ ማሪቪክ ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ድብልብል ሩዟን ገና ስትገምጥ ወይዘሮ ሺባሃራ መጣች። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች።

"ስሚ ማሪቪክ፣ ከሰዓቱንም አንቺ ያዢው። ልጆቹ እኔን አንፈልግም ብለዋል፤ እግሬም አብጧል።"

ማሪቪክ እያኘከች አየቻት። "ተራው ያንቺ ነው።"

"አውቃለሁ። እለምንሻለሁ።"

"እይዘዋለሁ። ማታ ግን ወንበሮቹን አንቺ ነሽ የምትሸከሚው። ሁሉንም።"

"እግሬ እኮ አብጧል አልኩሽ።"

"እንግዲያ ማይኩ ይኸውልሽ።"

ወይዘሮ ሺባሃራ ማይኩን አየች፣ ወንበሮቹን አየች፣ ጫማዋን መልሳ አደረገች። "ግማሹን" አለች።

"ግማሹን" አለች ማሪቪክና ሩዙን ዋጠች። ማይኩ ጠዋት ከተከፈተ ጀምሮ አልተዘጋም ነበር። ሸራው ላይ የነበሩት እናቶች ሁሉ ይህን ድርድር ሰምተው ስለነበር፣ ማታ ወንበር ማንሳቱ ሲደርስ ከመካከላቸው አንዲትም ሴት ማሪቪክን "አንቺ ረፊ" ያላት አልተገኘም። ግማሹን ወንበር ተሸከመች፤ ወገቧም ሳምንቱን ሙሉ አመማት።