ሚስቴ የምትተኛበት ቤት

የመናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነኝ። ስራዬ መጮህ ነው። ወልድያ እያለሁ «ደሴ! ደሴ! በመርሳ፣ በውርጌሳ!» ስል የማይሄደው ሰው ሁሉ ዞር ይል ነበር። አንድ ሾፌር እንደውም «አንተን ጣራው ላይ ብጭንህ ክላክስ አያስፈልገኝም» ብሎኛል። እንግዲህ ጸጥ ያለ ቤት ፍለጋ የወጣው ይሄ ሰውዬ ነው።

ሚስቴ ነርስ ናት። ወደ መርሳ ስትዛወር ተከትያት መጣሁ፤ እኔም እዚያው መናኸሪያ ገባሁ፤ መንገድ ዳር አንድ ቤት ተከራየን። ከዚያ እሷን የሌሊት ተረኛ አደረጓት። የማለዳ መኪኖችን ሸኝቼ ስመለስ እሷም ከስራ ገብታ ትተኛለች። ማለቴ፣ ለመተኛት ጋደም ትላለች። እኔ ደግሞ እስከ ከሰዓት ስራ ስለሌለኝ ቁጭ ብዬ እንቅልፏን እጠብቃለሁ። ውሻ እንደኔ አይጠብቅም። ባጃጅ ደጃችን ቆሞ ሙዚቃ ከከፈተ ዘልዬ እወጣለሁ። «አንተ! ሰው ተኝቷል እዚህ! ስታክም ያደረች ሰው ናት!» ልዋጭ ልዋጭ የሚለው ሲመጣ እወጣለሁ። የጎረቤት በግ ከጮኸም በአጥሩ ላይ አንገቴን አስግጌ ባለቤቱን እቆጣለሁ። በጉ ዝም ይላል፤ እኔ ግን ቶሎ አልበርድም።

አንድ ጠዋት ሚስቴ ፊቷ አመድ መስሎ ገባች። ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ዛሬ ለአንዱ በሽተኛ የሌላውን መርፌ ልወጋው ነበር» አለችኝ።

ክው አልኩ። «ወጋሽው?»

«ጓደኛዬ እጄን ያዘችኝ። እንቅልፍ ነው። ቆሜ ነው የተኛሁት። ስማኝ፣ ወይ የምተኛበት ቤት ፈልግልኝ፣ ወይ ስራዬን እለቃለሁ። ሰው ገድዬ አልኖርም።»

ሚስቴ ቀልድ ትወዳለች። እኔን ማግባቷ ራሱ ማስረጃ ነው። ያን ቀን ግን አልቀለደችም። ያን ስራ ስንት ዓመት ተምራ፣ ስንት ዓመት ለፍታ እንዳገኘችው አውቃለሁ። እኔም አልቀለድኩም፤ አለመቀለድ ለጤናዬ ቢያሰጋኝም።

በነጋታው የማለዳ መኪኖችን ሸኝቼ ወደ ቤት ሳልመለስ አንድ ባጃጅ ነጂ ያዝኩ። ጎን ለጎን የቤት ድለላም ይሰራል።

«ጸጥ ያለ ቤት ነው የምፈልገው» አልኩት።

«አብሽር ጋሼ፣ አለ። ማታ ትንፋሽ የማይሰማበት ቤት ነው።»

«ማታ ቢፈልግ ይጨፈርበት። ቀን ነው ጸጥ እንዲል የምፈልገው።»

ባጃጁን አቀዝቅዞ ዞሮ አየኝ። «ቀን? ቀን ምን ልትሰሩበት ነው?»

«ባለቤቴ ቀን ነው የምትተኛው።»

«ማሻአላህ! ምን ዓይነት የታደለች ሴት ናት!»

ያሳየኝ የመጀመሪያው ቤት ከጀርባው አናጺ ነበረው። ሁለተኛው ጥሩ ነበር፤ የአጥሩ ማዶ ግን ትምህርት ቤት ነው፤ ገና ግቢውን እያየሁ ልጆቹ ለእረፍት ወጡና ጆሮዬን ይዤ ሮጥኩ። እኔ፣ በድምፅ እንጀራ የሚበላው ሰውዬ፣ ከልጆች ጩኸት ሸሸሁ። ውርጌሳ ድረስ ሄጄ ያየሁት ደግሞ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይወዛወዛል። አከራዩ «ይለመዳል» አለኝ። ሰዓቱን እያየሁ፣ እሱም ገና አልለመደም አልኩ በሆዴ።

መናኸሪያ ያሉት ጓደኞቼ ወሬውን ሰምተው መቀለጃ አደረጉኝ። «ሐራ ሂድ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ተከራይ። ያ አልመጣ ያለው ባቡር እስኪመጣ ድረስ እንደዚያ ጸጥ ያለ ቦታ አታገኝም» ይሉኛል።

የገረመኝ ነገር ግን ሚስቴ እየታደሰች መጣች። ፍለጋ ከጀመርኩ ወዲህ ፊቷ ወዝ አወጣ። ስራውም ተስማማት። ተስፋ እንዲህ ሰው ያክማል እንዴ! እያልኩ የበለጠ እፈልጋለሁ። ማለዳ ወጥቼ ከሰዓት ነው የምመለሰው።

በመጨረሻ ቤቱ ተገኘ። ከዋናው መንገድ ገባ ያለ፣ ጓሮው ማንጎ ያለበት። የሄድኩት ረፋዱ ላይ ነው፤ ሰፈር ሁሉ የሚንጫጫበት ሰዓት። ምንም ድምፅ የለም! የሚያልፈው ሰው እንኳን በቀስታ ነው የሚራመደው። መንገዱ ላይ የቅሬ፣ የሰፈሩ እድር ማለት ነው፣ ድንኳን ተተክሏል፤ አንድ ሰው እናቱ ሞተውበት ለቅሶ ነበር። እኛ ጋ ድንኳን አይቶ ማለፍ ነውር ነው። ገባሁ፣ «አላህ ያጥናችሁ» ብዬ ተቀመጥኩ፣ ያቀረቡልኝን በላሁ። ሐዘንተኛው እጄን ይዞ አመሰገነኝ። ከድንኳኑ ጀርባ ያለው የቆርቆሮ ቤት በሩ ተዘግቷል፤ ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ ጣራው ሳይቀር ነጭ ነው። ጣራ የሚቀቡ ሰዎች! ብዬ አደነቅኩ።

አከራይዋ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። «እማማ፣ እንዲህ ያለ ጨዋ ሰፈር አይቼ አላውቅም» አልኳቸው።

«ዛሬማ ምኑ ይጠየቃል ልጄ» አሉ በሐዘን አንገታቸውን እየነቀነቁ።

ተስማማን። ሮጬ ለሚስቴ ነገርኳት። ትዘላለች ብዬ ስጠብቅ ትንሽ ከፋት።

«ቸኮልክ እኮ» አለች። «ሌላም አየት አየት ብታደርግ?»

«ሌላ የለም! ጀነት ነው ያገኘሁልሽ!»

በማግስቱ ዕቃ ጫንን። የሰፈሩ ሰዎች ከድንኳኑ ወጥተው አልጋችንን ሲያወርዱልን እንኳን በሹክሹክታ ነው። «ቀስ፣ ቀስ» ይባባላሉ። እንባዬ መጣ። ሚስቴ እንቅልፍ እንደምትወድ ማን ነገራቸው?

ድንኳኑ በተነሳ ማግስት ሚስቴ ከስራ ገብታ ተኛች። እኔ ማንጎው ስር ተቀምጬ በራሴ እየኮራሁ ነበር። ድንገት መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ አንድ ነገር አጓራ። ወንበሬን ገልብጬ ተነሳሁ፤ ወላሂ የዓለም መጨረሻ መስሎኝ ነበር። ጭስ ከዚያ ነጭ ቤት ጣራ ላይ ይወጣል። ከጎኑ ደግሞ ተዘግቶ የነበረ አንድ ብየዳ ቤት ብረት መቀጥቀጥ ጀመረ።

«እማማ! ምንድን ነው ይሄ?»

«ወፍጮው ነዋ» አሉኝ እማማ፣ እንደ ሞኝ እያዩኝ። «ለቅሶ ስለነበር አቁመውት ነው እንጂ። ባለወፍጮው አይደል እናቱ የሞቱበት? ቅሬው ለቅሶ እስኪነሳ ሁሉን ያስቆማል። አንተስ እዚያው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠህ አልነበር?»

ወሎ ተወልጄ፣ ወሎ አርጅቼ፣ ስንት ለቅሶ ተቀምጬ፣ የሐዘንን ጸጥታ ከሰፈር ጠባይ መለየት አቃተኝ! ያ ሁሉ ነጭ ቀለም ዱቄት ነው።

ሚስቴ ትዝ አለችኝ፤ መርፌው ትዝ አለኝ። ወደ ወፍጮ ቤቱ በረርኩ። ባለወፍጮው ገና የሐዘን ፊት ነው ያለው፤ እንዴት ልቆጣው? እናገራለሁ፣ አይሰማም። ጠጋ ብዬ እጮሃለሁ፣ እጁን ጆሮው ላይ ያደርጋል። በመጨረሻ ያለ የሌለ ድምፄን፣ ያንን የመናኸሪያውን አወጣሁት። በዚያው ቅጽበት ሰውየው፣ ለቅሶ ደርሶኛል ብሎ አክብሮኝ፣ ሞተሩን አጠፋው።

«ሚስቴ ተኝታለች!!»

ድምፄ ጸጥ ባለው ሰፈር ላይ ወደቀ። እህል የያዙ ሴቶች አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። በያጁም መዶሻውን አንስቶ ቆመ። ወዲያው ከኋላዬ፣

«ነቅታለች» አለ አንድ ድምፅ።

ሚስቴ ናት። ጋቢ ደርባ፣ ዓይኗ ቀልቶ።

«ወፍጮው ቀሰቀሰሽ አይደል?» አልኳት።

«ወፍጮውማ ተስማምቶኝ ነበር። አንድ ዓይነት ድምፅ ነው፣ ስለኔ አያወራም። አንተ ነህ የቀሰቀስከኝ። እዚያ ቤትም አንተ ነህ። ‹ሰው ተኝቷል› ብለህ በጮህክ ቁጥር ስለኔ ሲወራ ሰምቼ እነቃለሁ።»

«ታዲያ… ቤት ፈልግ ያልሽኝ?»

«መጀመሪያ የምሬን ነበር። በኋላ ልትፈልግ ስትወጣልኝ እንቅልፍ ወሰደኝ። ደግሞ ስትወጣ፣ ደግሞ ተኛሁ። ያኔ ነው የገባኝ።» ትንሽ አፈር አለች። «ሌላም እይ ያልኩህ ለዚያ ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። ሐዘንተኛው ሰውዬ እንኳን፣ እናቱን በቀበረ ሳምንት፣ ፊቱን አዙሮ ሳቀ። እኔም፣ ያን ሁሉ በግ የተቆጣሁት ሰውዬ፣ ከመንገዷ ገለል አልኩላት።

«ግባና ተኚ» አልኳት። በሹክሹክታ። ከተወለድኩ ጀምሮ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም፤ ጉሮሮዬን አሳከከኝ።

ገባች። ባለወፍጮው ሞተሩን አስነሳው፣ በርጩማም አመጣልኝ። አሁን ማለዳ ስራዬን ጨርሼ ቤት አልገባም፤ እሱ ጋ ነው የምውለው። ከወፍጮው በላይ እየጮህን እናወጋለን፣ ስነሳ ጣራውን እመስላለሁ። እሷ ከአጥሩ ወዲያ ትተኛለች። መርፌውንም ለባለቤቱ ትወጋለች፣ አልሐምዱሊላህ።

መናኸሪያ ያሉት ዛሬም «ቤት አገኘህ ወይ?» ይሉኛል።

«ለሚስቴ አግኝቻለሁ» እላቸዋለሁ። «ለራሴ ገና እየፈለግኩ ነው።»